በእጅ የሚነበብ መጽሐፍ

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በጅማና በቦንጋ በኩል 560 ኪሎ ሜትር ገደማ የተጓዘ መንገደኛ ሚዛን ተፈሪ ሲገባ ከቡናው፣ ከእንሰቱና ከዝናቡ ቀጥሎ የሚያየው ባጃጅ ነው። የባጃጁ የኋላ መስታወት ደግሞ ባዶውን አይሄድም። በአንዱ ላይ የመዝሙር ምዕራፍና ቁጥር ተለጥፏል፤ ሌላው የመልአክ ስም ይዟል፤ ሦስተኛው የአላህን ስም በዐረብኛ አስጽፏል። ቡና የጫነው አይሱዙም ግንባሩ ላይ ጥቅስ ሳይለጥፍ የጅማን ዳገት አይደፍርም ቢባል ማጋነኑ ትንሽ ነው። ጎረቤቱ ቴፒ ከተማም ያው ነው። የሱቁ መዝጊያ፣ የምግብ ቤቱ ግድግዳ፣ የፀጉር ቤቱ መስታወት ቅዱስ ቃል ተጽፎበታል።

ጥቅሱን የለጠፈው ሾፌር አንድ የቆየ ትእዛዝ እየፈጸመ መሆኑን ላያውቅ ይችላል። ኦሪት ዘዳግም በ6ኛው ምዕራፍ እስራኤላውያን ሕጉን በቤታቸው መቃንና በደጃፋቸው ላይ እንዲጽፉት ያዝዛል። መቃን የሌለው ባጃጅ አለው። ከዚያው መጽሐፍ 11 ምዕራፎች ወረድ ሲሉ ግን ብዙም የማይጠቀስ፣ ይልቁንም የሚያስገርም ሌላ ትእዛዝ ይገኛል። ንጉሥ ሲነግሥ የሕጉን ቅጂ በካህናቱ ፊት ካለው መጽሐፍ ይጻፍ፤ ከእርሱም አይለይ፤ ዕድሜውን ሙሉ ያንብበው ይላል። ምክንያቱም አብሮ ተዘርዝሯል። እግዚአብሔርን መፍራት እንዲማር፣ ሕጉን እንዲያደርግ፣ ልቡ በወንድሞቹ ላይ እንዳይኮራ፣ ወደ ቀኝም ወደ ግራም እንዳይል ነው።

ይህ ትእዛዝ የመጣው ንጉሡ ፈረስ እንዳያበዛ፣ ሚስት እንዳያበዛ፣ ብርና ወርቅ እንዳያከማች ከተከለከለ በኋላ ነው። ሦስት ነገር ተከለከለና አንድ ሥራ ተሰጠው፤ ሥራውም የጸሐፊ ሥራ ነው። በአገሩ ላይ ከሁሉ በላይ የሆነው ሰው ጎንበስ ብሎ ፊደል ይልቀም ማለት ነው። አይሁድ ደግሞ ከዚያው መጽሐፍ 31ኛ ምዕራፍ ተነሥተው የኦሪት ጥቅልል መጻፍን ለእያንዳንዱ ሰው የተሰጠ ግዴታ አደረጉት፤ ከ613ቱ ትእዛዛት የመጨረሻው እርሱ ነው። ጥቅልሉ 304,805 ፊደላት እንዳሉት ቆጥረዋል። አንዲት ፊደል ብትጎድል ጥቅልሉ ለምኩራብ ንባብ አይበቃም።

በኢትዮጵያ ይኸው የዘዳግም ቃል በፍትሐ ነገሥት ገብቷል። ስለ ነገሥታት የሚናገረው 44ኛው አንቀጽ ሲጀምር የሚጠቅሰው እርሱን ነው። ስለዚህ ሐሳቡ ለቤተ መንግሥቱ እንግዳ አልነበረም። ሆኖም መጻፍና መታዘዝን በማያያዝ ስሙ ከሁሉ በላይ የሚነሣው ንጉሥ፣ ከ1434 እስከ 1468 እ.ኤ.አ. የነገሠው ዘርዐ ያዕቆብ፣ ነገሩን ገልብጦታል። ራሱ ብዙ መጻሕፍት ያስጻፈና የደረሰ ንጉሥ ነው። ዜና መዋዕሉ እንደሚተርከው ግን ሕዝቡ በግንባሩ ላይ የሥላሴን ስም፣ በቀኝ እጁ ላይ ሰይጣንን የካደበትን ቃል፣ በግራ እጁ ላይ ደግሞ ደስክ የተባለውን ጣዖት ትቶ የማርያም ባሪያ መሆኑን የሚገልጽ ቃል እንዲጽፍ አዘዘ። እምቢ ያለ ይቀጣ ነበር። ዘዳግም ንጉሡ ይጻፍ አለ፤ ዘርዐ ያዕቆብ የሚገዛው ሕዝብ ገላው ላይ ይጻፍ አለ። ግንባሩ ላይ የተጻፈበት ሰው ጽሑፉን ራሱ ሊያነበው እንኳ አይችልም፤ የሚያነብበት ሌላው ነው። በትእዛዝ የተጻፈ ቃልና በፈቃድ የተጻፈ ቃል የሚለያዩት እዚህ ላይ ይመስላል።

ለመሆኑ በኢትዮጵያ ቅዱስ መጽሐፍን በእጁ የሚገለብጠው ማን ነበር? መልሱ ብዙዎችን ያስገርማል። ተማሪው አልነበረም። በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት ልጁ ፊደል ይቆጥራል፣ ንባብ ይለያል፣ ዳዊት ይደግማል። ከዚያ ወደ ዜማው፣ ወደ ቅኔው፣ ወደ ትርጓሜው ይሄዳል። ጽሕፈት ግን ከዚህ መሰላል ውጭ የሚገኝ የእጅ ሙያ ነው። መቶ ኀምሳውን መዝሙር በቃሉ የሚወጣ ሊቅ ስሙን ለመጻፍ የሚቸገርበት ዘመን ነበር፤ በዚያም አያፍርም። እንዲያውም ብዕር ይዞ የሚዞር ሰው አስማት ይጽፋል ተብሎ በጥርጣሬ የሚታይበት ጊዜ ነበር። ሃይማኖትን ወደ ሰው ውስጥ የሚያስገባው መንገድ ጆሮና ምላስ እንጂ ጣት አልነበረም። «የቃል ትምህርት» የሚባለው ይኸው ነው።

የጅማና የአካባቢው ሙስሊሞች የቁርኣን ትምህርት ደግሞ ሁለቱን አጋብቷል። ደረሳው በእንጨት ሰሌዳ ላይ በከሰል ቀለም አንቀጹን ይጽፋል፤ ለኡስታዙ ይቀራል፤ በቃሉ ሲይዘው ሰሌዳውን አጥቦ ቀጣዩን ይጽፋል። እዚህ ጽሑፉ የሚፈለገው እስኪጠፋ ድረስ ብቻ ነው። ልጁ ዓመታት ጽፎ በመጨረሻ በእጁ የሚቀር አንድ ገጽ የለውም፤ ያለው በልቡ ነው።

የብራናው ጸሐፊ ታሪክ ሌላ ነው። ፍየል ወይም በግ ይታረዳል፤ ቆዳው ውኃ ውስጥ ይነከርና በእንጨት ፍሬም ላይ ይወጠራል፤ ሥጋውና ጠጉሩ ይፋቃል፤ በድንጋይ ይለሰልሳል። ጥቁሩ ቀለም ጥላሸት፣ የተቆላ እህልና ቅጠላ ቅጠል ተደባልቆ ለወራት እየተማሰለ ይብላላል። ብዕሩ ከመቃ ይቀረጻል። ጸሐፊው ጠረጴዛ አያውቅም፤ መሬት ተቀምጦ ብራናውን ጉልበቱ ላይ ያደርጋል፤ መስመሩን በወስፌ ይወጋል፤ ጥቁሩንና ቀዩን ቀለም መሬት በተተከሉ ሁለት ቀንዶች ያስቀምጣል። የእግዚአብሔር፣ የእመቤታችንና የቅዱሳን ስም ሲደርስ ጥቁሩን ትቶ ቀዩን ያነሣል። እንግሊዛውያኑ ጆን ሜለርስና አን ፓርሰንስ በደቡብ ጎንደር ጸሐፊዎች ዘንድ ተቀምጠው ይህንን ሁሉ ደረጃ በደረጃ መዝግበውታል። ከእነርሱ በፊትም ሥርግው ሀብለ ሥላሴ ስለ ኢትዮጵያ የመጽሐፍ ሥራ ራሱን የቻለ መጽሐፍ በ1981 እ.ኤ.አ. አሳትመዋል።

ይህ ቀይ ቀለም ዝም ብሎ ጌጥ አይደለም። ጸሐፊው ስሙ በደረሰ ቁጥር እጁን ማቆም፣ ብዕር መለወጥ፣ እንደገና መጀመር አለበት። አንድ ዳዊት ወራት የሚፈጀው በዚህ ሁሉ ምክንያት ነው። ፍጥነት የሚፈልግ ሰው የሚጠላው ሥራ ነው፤ ለሚያምን ሰው ግን ሥራው ራሱ እያስቆመ ያሳስበዋል።

እዚህ ላይ አንድ እውነት መናገር ያስፈልጋል። መገልበጥ በራሱ ማስተዋልን አያመጣም። ጸሐፊዎች ደክሟቸው፣ ሐሳባቸው ሄዶ፣ በሁለት መስመሮች መጨረሻ ተመሳሳይ ቃል ሲያገኙ ዓይናቸው ከላይኛው ወደ ታችኛው ዘሎ መሐሉን ሁሉ ትተውታል። በየገዳሙ ያሉ ብራናዎች በመስመሮች መካከል በደቃቅ ፊደል የገቡ እርማቶች ሞልተዋቸዋል። እጅ ብቻውን ሊጽፍ ይችላል፤ ልብ ሌላ ቦታ ሆኖ። ለዚህም ነው የተጻፈው ሁሉ በሌላ የተማረ ሰው ተነቦ እስኪታረም ድረስ እንዳለቀ የማይቆጠረው።

ስለ ዋጋውስ? በኢትዮጵያ ገድላትና ተአምራት ውስጥ ደጋግሞ የሚመጣ ቃል ኪዳን አለ። ጌታ ለቅዱሱ በሚሰጠው ኪዳን ውስጥ መጽሐፉን የጻፈ፣ ያስጻፈ፣ ያነበበና የሰማ ሁሉ ምሕረት ተገብቶለታል። ጸሐፊው መጨረሻው ገጽ ላይ ስሙን፣ ያስጻፈውን ሰው ስም ያኖርና ጸልዩልኝ ይላል፤ መጽሐፉን የሰረቀ ወይም የፋቀ ደግሞ በጴጥሮስና በጳውሎስ ሥልጣን የተወገዘ ይሁን ብሎ ይዘጋል። ገንዘብ ያለው ያስጽፋል፤ ሙያ ያለው ይጽፋል፤ ሌላው ይሰማል። የሥራ ክፍፍል ነው። ዘዳግም ከንጉሡ የፈለገው ግን ማስጻፍ ብቻ አልነበረም፤ በየዕለቱ እያነበበ ይኑር ነው የሚለው።

ከዚሁ አጠገብ ደግሞ ክታብ አለ። ደብተራው ብራናውን በባለቤቱ ቁመት ልክ፣ ከራስ ፀጉር እስከ እግር ጥፍር፣ ቆርጦ ያዘጋጃል። ሱስንዮስ ወርዜልያን የገደለበትን ታሪክ፣ የተሰወሩ ስሞችን፣ ዓይናቸው የፈጠጠ መላእክትን ይጽፍበታል፤ የታመመውን ሰው የክርስትና ስም በየቦታው ያስገባል። ተጠቅልሎ በቆዳ ይሰፋና አንገት ላይ ይንጠለጠላል። ባለቤቱ ዕድሜውን ሙሉ ሳይከፍተው ሊሞት ይችላል። ሲሞትም ልፋፈ ጽድቅ የሚባለው ጥቅልል አብሮት እንዲገነዝ የሚያደርግ ልማድ አለ። የቤተ ክርስቲያን መምህራን ክታብን ሲነቅፉ ኖረዋል። ይሁን እንጂ ነቃፊውም ሆነ ደብተራው በአንድ ነገር ይስማማሉ፤ የተጻፈ ቃል ኃይል አለው። የሚለያዩት ኃይሉ የሚሠራው በመሸከም ነው ወይስ በመታዘዝ በሚለው ነው። የባጃጁ ጥቅስስ ከየትኛው ይመደባል? ይህንን ከሾፌሩ አነዳድ መፍረድ ይቻላል።

ግዕዝ በማተሚያ የታተመው ማንም ከሚገምተው ቀድሞ ነው። በ1513 እ.ኤ.አ. ዮሐንስ ፖትከን የተባለ ጀርመናዊ ሮም ውስጥ ከኢትዮጵያውያን መነኮሳት ተምሮ መዝሙረ ዳዊትን በግዕዝ አሳተመ። በ1548 እ.ኤ.አ. ደግሞ አባ ተስፋ ጽዮን በዚያው በሮም አዲስ ኪዳንን ማሳተም ጀመሩ። ከፖትከን ወዲህ 500 ዓመት አልፎም በጎጃምና በጎንደር ብራና የሚዳምጥ ጸሐፊ አልጠፋም።

መዳን ያለበትን ቃል ለተራው ሰው በገባው ቋንቋ ያደረሰው ግን አንድ ሰው በእጁ የጻፈው ክምር ነው። የጎጃሙ አባ አብርሃም፣ በውጭ ሰዎች ዘንድ አቡ ሩሚ የሚባሉት፣ ኢየሩሳሌምን፣ ሶርያን፣ ፋርስንና ሕንድን ያዩ ተጓዥ ነበሩ። በ19ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ካይሮ ላይ ታመው ሳለ የፈረንሳይ ቆንስላ ሹም የነበረው አስሌን ደ ሼርቪል አስታመማቸው። ሁለቱ መጽሐፍ ቅዱስን ወደ አማርኛ ሊመልሱ ተስማሙ። 10 ዓመት ሙሉ ማክሰኞና ቅዳሜ አስሌን በሩን ለእንግዳ ሁሉ ዘጋ። አንዱን ጥቅስ በዐረብኛው ያነባሉ፣ ከዕብራይስጡ፣ ከሱርስቱና ከሰብዓ ሊቃናቱ ትርጉም ያስተያያሉ፣ አባ አብርሃም በአማርኛ ይጽፋሉ። ሥራው ሲያልቅ 9,539 ገጽ ሆነ። እርሳቸው ብዙም ሳይቆዩ በወረርሽኝ ሞቱ። የብሪታንያ መጽሐፍ ቅዱስ ማኅበር የእጅ ጽሑፉን በ1820 እ.ኤ.አ. ገዝቶ ወንጌላቱን በ1824፣ ሙሉውን መጽሐፍ በ1840 አሳተመ። ዛሬ ሚዛን ተፈሪ ባጃጅ ላይ ያለው አማርኛ ጥቅስ ብዙ ጊዜ ታርሞና ተሻሽሎ የመጣ ቢሆንም፣ የዘር ሐረጉን ወደ ላይ የቆጠረ ሰው በመጨረሻ ከዚያ ከተዘጋው የካይሮ በር ይደርሳል።

ደቡብ ምዕራቡ ራሱ የተጻፈ ቃል ያገኘው በመዘግየት ነው። የእናርያው ንጉሥ ባዳንቾ በ1588 እ.ኤ.አ. በዐፄ ሠርፀ ድንግል ዘመን ሲጠመቅ፣ በከፋም የክርስትና ሥር ተተክሎ ነበር። ከዚያ ግን ለረጅም ዘመን መንገዱ ተዘጋ፣ ካህኑም መጽሐፉም ተቋረጠ። ጣሊያናዊው ሚሲዮናዊ አባ ማስያስ በ1859 እ.ኤ.አ. ከፋ ሲደርሱ ያገኙት ጾሙንና የቅዱሳኑን ስም ይዞ ትምህርቱን የጣለ ርዝራዥ ነበር። ይህ ያለ መጽሐፍ የቆየ እምነት ምን ያህል እንደሚዘልቅና የት ላይ እንደሚሳሳ ያሳያል። ቀኑን ያስታውሳል፣ ምክንያቱን ይረሳል። ከፋ በ1897 እ.ኤ.አ. ጋኪ ሸሮቾ ተማርኮ ወደ ዳግማዊ ምኒልክ ግዛት ሲገባ ካህናትና መጻሕፍት ከሠራዊቱ ኋላ መጡ፤ ቋንቋው ግን ግዕዝና አማርኛ ነበር። ሰሚው ደግሞ ከፍቾ፣ ሸካቾ፣ ቤንች፣ ሸኮ፣ መዠንግር ይናገራል።

በራስ ቋንቋ መጻፍ ምን እንደሚጠይቅ ያሳየው ሰው የተወለደው ከዚሁ ከቡናው አገር ነው። ከቴፒ በማሻና በጎሬ አድርጎ ወደ ሰሜን የሄደ መንገደኛ መቱን ያገኛል፤ ሁሩሙ ከዚያ ቅርብ ነው። ኦነሲሞስ ነሲብ በ1856 እ.ኤ.አ. ገደማ ሁሩሙ ውስጥ ሂካ ተብሎ ተወለደ። በልጅነቱ ተሰረቀና ከእጅ ወደ እጅ ተሸጠ። በ1870 እ.ኤ.አ. ምጽዋ ላይ ነጻ ወጣ፤ ከስዊድን ሚሲዮን ዘንድ ተማረና በ1872 ተጠመቀ። ከልጅነቱ የተነጠቀውን ቋንቋ ለማንሣት አብራው የደከመችው አስቴር ጋኖ ናት፤ እርሷም ከባርነት የወጣች ናት። ኦሮምኛውን ከእርሱ አሳምራ ስለምታውቅ ቃላቱን፣ ተረቶቹንና ዘፈኖቹን ከትዝታዋ እየቀዳች ትጽፍ ነበር። በ1894 የኦሮምኛ ማንበቢያ መጽሐፍ አወጡ። ሙሉው መጽሐፍ ቅዱስ በ1899 እ.ኤ.አ. ስዊዘርላንድ ውስጥ ባዝል አጠገብ በሚገኘው ቅዱስ ክሪሾና ታተመ፤ የተጻፈውም በግዕዝ ፊደል ነው። ኦነሲሞስ ወለጋ ነቀምት የደረሰው በ1904 ነው። የራሱን ሕዝብ መጽሐፍ አገሩ ሳይገባ፣ ቀይ ባሕር ዳር ተቀምጦ፣ ከተሸጡ ሰዎች አፍ እየለቀመ ጻፈው። እነዚህ ሁለት ሰዎች አንድ አንቀጽ ሲገለብጡ እንዳንቀላፉ መገመት ያስቸግራል። እያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር በእናታቸው አፍ እንዴት ይባል እንደነበር መጠየቅ ነበረባቸው።

ወደ ሚዛን ተፈሪ ስንመለስ ሌላ የጽሕፈት ችግር ይጠብቀናል። የአካባቢው ቋንቋ ቤንችኛ ከዓለም ቋንቋዎች በድምፅ ከፍታና ዝቅታ ከበለጸጉት አንዱ ነው፤ አምስት የተደላደሉ ከፍታዎችና አንድ ወደ ላይ የሚወጣ፣ በጠቅላላው ስድስት ቃና አለው። ያው አንድ ቃል በተለያየ ቃና ሲባል ሌላ ትርጉም ይሰጣል። ወንዶች በከንፈራቸው ወይም በመዳፋቸው ጉድጓድ እያፏጩ የሚነጋገሩበት መንገድ ያላቸው ቃናው ራሱ መልእክት ስለሚሸከም ነው። አዲስ ኪዳን ወደ ቤንችኛ ሲመለስ የተጻፈው በኢትዮጵያ ፊደል ነው። ፊደሉ የሌሉትን ድምፆች ለመጻፍ ተርጓሚዎቹ መላ ዘየዱ። በአማርኛ ከእሳቱ ሰ ጋር ድምፅ ስለሚጋራ ሥራ ፈት ሆኖ የተቀመጠውን ንጉሡን ሠ ሥራ ሰጡት፤ ለተ ደግሞ በግራ በኩል አንድ ክንድ ጨመሩላት። ቃናውን ግን ሳይጽፉት ተዉት። ስለዚህ ያንን ወንጌል የሚያነብ ሰው በየቃሉ ላይ ቆም ብሎ ትርጉሙን ከዓረፍተ ነገሩ ማውጣትና ቃናውን ከራሱ መጨመር አለበት። በጥድፊያ አይነበብም።

ምርመራ የሚወዱ ሰዎች በእጅ መጻፍ ማስተዋልን መርዳቱ በመሣሪያ ተለክቶ እንደሆነ ይጠይቃሉ። በከፊል አዎ። በ2014 እ.ኤ.አ. ፓም ሙለርና ዳንኤል ኦፐንሃይመር የተባሉ ተመራማሪዎች በእጃቸው ማስታወሻ የያዙ ተማሪዎች በላፕቶፕ ከያዙት ይልቅ ሐሳቡን የሚፈትኑ ጥያቄዎችን የተሻለ አድርገው መመለሳቸውን አሳተሙ። በኋላ በሌሎች የተደገመው ሙከራ ግን ያንን ያህል ልዩነት አላገኘም። በ2024 ኖርዌይ ውስጥ ኦድሪ ቫን ደር ሜርና ባልደረባዋ 36 ተማሪዎችን 256 ኤሌክትሮድ ያለበት ቆብ አልብሰው፣ በእጅ ሲጻፍ የአንጎል ክፍሎች በቁልፍ ሰሌዳ ከመተየብ ይልቅ በሰፊው ተያይዘው እንደሚሠሩ አዩ። ተያቢዎቹ በአንድ ጣት ብቻ እንዲተይቡ መደረጋቸውን ተቺዎች አንሥተዋል። መታዘዝን የሚለካ ኤሌክትሮድ ደግሞ እስካሁን አልተሠራም።

ከፊተኛው ጥናት አንድ ነገር ግን ለዚህ ጉዳይ ይጠቅማል። በእጅ የጻፉት የተሻሉት እጃቸው ከመምህሩ አፍ እኩል መሮጥ ስላቃተው ነው፤ ስለዚህ ነገሩን በራሳቸው ቃል አሳጥረው ይጽፉ ነበር። ላፕቶፕ የያዙት ሁሉንም ቃል በቃል ወሰዱ። እንግዲህ ቅዱስ መጽሐፍን ቃል በቃል የሚገለብጥ ሰው ከማን ይመደባል? ከላፕቶፖቹ ሊመደብ ይችላል፤ እርማት እንደበዛባቸው ብራናዎች። የኢትዮጵያ ሊቃውንት ይህንን ክፍተት የሞሉት በአንድምታ ነው። ንባቡ ከተነበበ በኋላ «አንድም» እየተባለ ትርጓሜው ይወርዳል፤ አንዱ ሐሳብ ሲያልቅ ሌላው ይቀጥላል። ጽሕፈትና ትርጓሜ በሁለት የተለያዩ ሰዎች እጅ መሆናቸው ግን ዘልቋል፤ ጸሐፊው ይጽፋል፣ መሪጌታው ወይም የኔታ ይተረጉማሉ።

መጽሐፍ ቅዱስን በእጃቸው የሚገለብጡ ሰዎች ዛሬም በየቦታው አሉ። በኮሪያ አብያተ ክርስቲያናት መጽሐፍ ቅዱስን በሙሉ በእጅ መገልበጥ የታወቀ ልማድ ነው። አሜሪካ ሚኔሶታ በሚገኘው የቅዱስ ዮሐንስ ገዳም መነኮሳቱ በ1998 እ.ኤ.አ. ለዶናልድ ጃክሰን ትእዛዝ ሰጥተው 1,150 ገጽ ያለው መጽሐፍ ቅዱስ በላባ ብዕር በብራና አስጻፉ፤ በ2011 ተጠናቀቀ። የኢትዮጵያ ብራናዎች ከ1973 ጀምሮ በማይክሮፊልም ተነሥተው የሚገኙትም በዚያው ግቢ ነው፤ ብዙዎቹን አንብቦ መዝገባቸውን ያዘጋጀው ሊቁ ጌታቸው ኃይሌ ነው። ለተራ አንባቢ ግን ብራናም ላባም አያስፈልገውም። የ50 ሉክ ደብተር ይበቃል።

ሙሉውን ለመገልበጥ የተነሣ ሰው ስሌቱን ቢያውቀው ይሻላል። 66ቱ መጻሕፍት 31,100 ገደማ ቁጥሮች አሏቸው፤ በቀን 10 ቁጥር የሚጽፍ ሰው ከስምንት ዓመት ተኩል በኋላ ይጨርሳል። 81ዱን ለሚል ደግሞ ይረዝማል። ከዚያ ይልቅ በግዕዙ ዳዊት አቆጣጠር መዝሙር 118 ጥሩ መነሻ ነው። 176 ቁጥሮች አሉት፤ ሁሉም ማለት ይቻላል ስለ ሕግ፣ ስለ ትእዛዝ፣ ስለ ሥርዓት ይናገራሉ። በ22ቱ የዕብራይስጥ ፊደላት የተከፋፈለ ስለሆነ በግዕዙ ዳዊት አሌፍ፣ ቤት፣ ጋሜል የሚሉት አርእስት ተጽፈውበታል። በየቀኑ አንድ ፊደል፣ ስምንት ቁጥር፣ 22 ቀን። ገጹን ለሁለት ከፍሎ በቀኙ መዝሙሩን፣ በግራው ደግሞ ያ ቁጥር ዛሬ በሱቁ፣ በሚዛኑ፣ በቡና መልቀሚያው ምን እንዲደረግ እንደሚጠይቅ መጻፍ ነው። የግራው ገጽ ባዶ ሆኖ ከሰነበተ ጸሐፊው ወደ ክታቡ ዘንድ እያዘነበለ ነው።

የሚጻፍበት ነገርም በዚያ አገር ያስቸግራል። ቴፒና ሚዛን ዝናቡ ብዙውን የዓመቱን ወራት ይይዘዋል። ወረቀት ሻጋታ ይመታዋል፣ የእስክሪብቶ ቀለም ይፈስሳል፣ ደብተር ከምስጥ ማምለጥ አለበት። ጓዳ ግድግዳ ላይ ከጭስ ራቅ ብሎ በፕላስቲክ ተጠቅልሎ ይሰቀላል። ስልክ ላይ ያለው መጽሐፍ ቅዱስ ዝናብ አይነካውም፤ ባትሪ ሲያልቅ ግን የለም።

ቤንችኛው ደግሞ ሌላ ነገር ገጥሞታል። በ2008 እ.ኤ.አ. ለቋንቋው የላቲን ፊደል ሥርዓት ጸድቋል። ስለዚህ አንዱ አያት በንጉሡ ሠ እና በባለ ክንዷ ተ የተጻፈውን ወንጌል ማንበብ ሲለምድ፣ የልጅ ልጁ ቋንቋውን የሚማረው በላቲን ነው። ቋንቋው አንድ፣ ወንጌሉ አንድ፣ ፊደሉ ሁለት ሆኖ በአንድ ቤት ይኖራል። አያቱ ጮክ ብሎ ሲያነብ ልጁ ሰምቶ በሚያውቀው ፊደል ቢጽፈው ቃናውን የሚሰማው ከአያቱ አፍ ነው፤ የፊደሉን ስሕተት የሚያርመው ደግሞ ልጁ ይሆናል። እንዲህ ያለውን ደብተር ለመጀመር አንድ ምሽትና አንድ ገጽ ወንጌል ይበቃል።